እሜቴ የምታቃስትበት ዳገት

ማክሰኞ፣ የጥቅምት ሚካኤል ዕለት፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የአባቴ መኪና ከወለቃ በላይ ያለው ዳገት ላይ ቆመች። በውስጧ አባቴ፣ እኔና ሁለት ጀሪካን ውሃ ነበርን። የተጎዳ ሰው የለም።

እስከዚህ ድረስ ያለው የተረጋገጠ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ግን ምክር፣ ግምትና ጭስ ይበዛበታል። ዜና በመሥራት ያረጀሁ ሰው እንደመሆኔ ያየሁትን ከሰማሁት ለይቼ ለማቅረብ እሞክራለሁ፤ ጭሱ መሀል ከገባ ግን አንባቢ ይታገሠኝ።

መኪናዋ እሜቴ ትባላለች። ስሙን ያወጡላት አባቴ ናቸው። የእንግሊዝ ሥሪት ናት፣ አረንጓዴ፤ በሯ በትከሻ ተገፍቶ የሚዘጋ፣ መስኮቷ አንድ ጊዜ ከወረደ እስከ ክረምት የማይወጣ። አባቴ የመንግሥት ሾፌር ሳሉ የሚነዱት እሷን ነበር፤ መሥሪያ ቤቱ አርጅታለች ብሎ በሐራጅ ሲያወጣት ገዟት። ልብ በሉ፦ ያኔም አርጅታለች ተብላ ነው። እኔ በዚያን ጊዜ ሱሪዬን በወጉ መታጠቅ የማልችል ልጅ ነበርኩ።

ከዚያ ወዲህ በጎንደርና በኮሶዬ መካከል ያልጫነችው የለም። ገብስ ጭናለች፣ ድንች ጭናለች፣ ሙሽራ ጭናለች። አንድ ጊዜ በመሬት ወሰን የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾችን ከነሽማግሌዎቻቸው ጭና ወደ ፍርድ ቤት ስትወርድ ጎማዋ ተነፈሰ፤ ጎማው እስኪጠገን ድረስ ታረቁና በእግራቸው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። አባቴ እርቁ የእሜቴ ሥራ ነው ይላሉ። ሽማግሌዎቹ በሕይወት ስለሌሉ ማጣራት አልቻልኩም።

ከሁሉም በላይ ግን ምጥ የጠናባቸውን ሴቶች ወደ ጎንደር ስታወርድ ኖራለች። አንዳንዱ ልጅ ጨዋ ነው፤ ሆስፒታል እስኪደርስ ይታገሣል። አንዳንዱ ወለቃ ላይ ትዕግሥቱ ያልቃል። እንዲህ መንገድ ላይ የተወለደው ወንድ ከሆነ አባቴ የክርስትና አባት ይሆናሉ፤ ሴት ከሆነች፣ ነፍሷን ይማረውና፣ እናቴ የክርስትና እናት ትሆን ነበር። በዚህ ምክንያት ከወለቃ እስከ ኮሶዬ አበልጅ የሌለን መታጠፊያ የለም። ሌላው ሰው ዘመዱን በደም ይቆጥራል፤ እኛ ቤት በመንገድ ነው የሚቆጠረው።

ከእነዚህ አበልጆች ጋር አባቴ በየወሩ፣ በሚካኤል ቀን፣ ኮሶዬ ላይ ማኅበር ይጠጣሉ። ማኅበሩ የሚጠጣው እትዬ ብርቄ ቤት ነው። እትዬ ብርቄ መንገድ ዳር ምግብ ቤት ያላቸው፣ ምላሳቸው ከሚጥሚጣቸው የሚብስ ሴትዮ ናቸው፤ የበኩር ልጃቸው የተወለደው እሜቴ የኋላ ወንበር ላይ ነው። ወንበሩ እስከ ዛሬ አልተቀየረም፤ ልጁ ግን ጺም አብቅሏል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አባቴ ዐይናቸው ከደከመ ቆይቷል። ሐኪሞቹ ግላኮማ ነው አሉ፤ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን እንጠብቅ አሉ። የቀረው ብርሃንና ጨለማን መለየት ነው። ቤት ውስጥ ከወንበራቸው እስከ በሩ ግድግዳ እየዳበሱ ነው የሚሄዱት። ጎረቤት ሰላም ሲላቸው ማን እንደሆነ ስለማይለዩ ሁሉንም «እንደምን አለህ ልጄ» ይላሉ፤ ቀሲስንም ሳይቀር። በወር አንድ ቀን ግን እሜቴ ጋቢና ውስጥ ይገባሉ፣ ቀኝ እጃቸውን ፊት ለፊታቸው ያለው ብረት ላይ ያሳርፋሉ፣ እኔ እነዳለሁ፣ እሳቸው ደግሞ መንገዱን ይተርካሉ።

«አሁን ድልድዩ ነው፤ ማርሽ ቀንስ።» ድልድዩ ነው።

«አሁን መድኃኔ ዓለም ነው፤ አቁም።» መድኃኔ ዓለም ነው። አቆማለሁ። ይወርዳሉ፣ ኮፍያቸውን ያወልቃሉ፣ በዛፍ ወደተከበበው ደብር ዞረው ሦስት ጊዜ ይሰግዳሉ፣ ይመለሳሉ። አንድም ቀን አልተሳሳቱም። እንዴት እንደሚያውቁ ጠይቄ ነበር፤ «አርባ ዓመት የሄድኩበትን?» ብለው ዘጉኝ። አንድ ምንጭ ብቻ ስለነበረኝ ተውኩት።

የሚተርኩት ግን ያለውን ብቻ አይደለም። «በስተግራ የአያ ዘለቀ ጽድ» ይላሉ። ጽዱ መንገዱ ሲሰፋ ተቆርጧል። «ከሥሩ የእትዬ የሺ ጠላ ቤት» ይላሉ። እትዬ የሺ ካረፉ ቆይተዋል፤ በቦታው የሞባይል ካርድ የሚሸጥበት የብሎኬት ቤት ቆሟል። በመጀመሪያ ሰሞን አርም ነበር። የተሳሳተ ነገር ሳይታረም ሲያልፍ ጥርሴን የሚያመኝ ሰው ነኝ። «አባባ፣ ጽዱ እኮ ተቆርጧል» እላለሁ። «እህ» ይላሉ። በወሩ፣ «በስተግራ የአያ ዘለቀ ጽድ።» ከጥቂት ወራት በኋላ ማስተባበያ ማውጣቴን አቆምኩ።

እንግዲህ ለአባቴ ከቤት መውጣት ማለት ይኸው መንገድ ብቻ ነው። እሜቴ ከቆመች እሳቸውም ቆሙ ማለት ነው። ያን ማክሰኞ ዳገቱ ላይ ስትቆም የቆመው ይህ ነው።

ኮፈኑን ከፈትኩ። ሰማያዊ ጭስ ወጣ፣ ከጭሱ ውስጥ ደግሞ ሰዎች ወጡ። መኪና ሲበላሽ ሰው ከየት እንደሚመጣ እስከ ዛሬ አልደረስኩበትም። ያረጀ ሞተር ያለው ሰው ብቻውን አይሄድም፤ ምክር አብሮት ይሳፈራል። አንዱ «ውሃ ስጧት» አለ፣ አንዱ «ውሃ እንዳትሰጧት» አለ፣ አንዱ ምንም ሳይል ጎማዋን በእርግጫ መታ። ከላይ ወደ ጎንደር የሚወርድ የጭነት መኪና ሾፌር አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣

«አባት፣ ይቺን ማኪና ፋሲል ግቢ ቢያስገቧት እኮ ቱሪስት ያያታል» አለ።

«አንተ ደግሞ በሩ ላይ ትኬት ትቆርጣለህ» አሉት አባቴ።

ሾፌሩ ሳቀና ጎትቶ አዘዞ አደረሰን። አዘዞ ጋራዥ ያለው ጥጋቡ የልጅነት ጓደኛዬ ነው። መካኒክ ነው ብል ያንሰዋል፤ ስለ ሞተር ሲናገር የቀብር ሥነ ሥርዓት የሚመራ ይመስላል። ካቻቪቴውን ሞተሩ ላይ ተከለ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ደገነ፣ ዐይኑን ጨፈነ። 

«አባባ ተገኘ» አለ በመጨረሻ፣ «ይጽናኑ።»

«ምነው፣ ሞተች እንዴ?»

«አልሞተችም። ግን ፒስተኖቹን የሚያቅፈው ፋሻ አልቋል፣ ሲሊንደሩ ተበልቷል። ዘይቱን ትጠጣውና በጭስ ትመልሰዋለች። ሞተሩ ወርዶ፣ ተበትኖ፣ ተሞርዶ መታደስ አለበት። ወይ ሌላ ሞተር ይግባላት። ወይ ትሸጥ።»

«አትነካም» አሉ አባቴ።

«ከሦስቱ የቱ ነው የማይነካው?»

«ሦስቱም።»

አንድ ምንጭ አይበቃኝም ብያለሁ። ስለዚህ በማግስቱ ማራኪ አካባቢ ያለ፣ በኮምፒውተር ይመረምራል የተባለ ወጣት አመጣሁ። ትልቅ ቦርሳ፣ ትልቅ መነጽር። መሣሪያውን የሚሰካበት ቀዳዳ ፍለጋ እሜቴን ከላይ እስከ ታች ዳሰሳት፤ ከሥሯ ገባ፣ ወጣ፣ ወንበሩን አነሣ። ተስፋ ሲቆርጥ ሲጋራ መለኮሻው ላይ ሊሰካው ሞከረ። መለኮሻው ከወለቀ ዘመን አልፎታል፤ ቀዳዳው ውስጥ የነበረው የእናቴ መርፌ ነው፣ ጣቱን ወጋው። «ሲስተሟ ዝግ ነው» ብሎ ሄደ። ውጤቱን እንዳልተረጋገጠ መዘገብኩ።

ሦስተኛዋ ምንጭ ባለቤቴ አስናቀች ናት። ነርስ ናት፣ ነገር አታንዛዛም።

«ሰው ብትሆን ሪፈር ተብላ ነበር» አለችኝ። «ደግሞ ከእኛ ወጥ ይልቅ ዘይት የምትበላው እሷ ናት። አባባን በሚኒባስ ውሰዳቸው።»

ምክሩ ልክ ነበር፤ ልክ ሆኖ የማይሠራ ምክር አለ። አንድ ቅዳሜ ለሙከራ በሚኒባስ ወሰድኳቸው። ረዳቱ በአክብሮት ከፊት አስቀመጣቸው፣ ሾፌሩ ዘፈን ከፈተ። አባቴ እጃቸውን ፊት ለፊታቸው ያለው ፕላስቲክ ላይ አሳርፈው ኮሶዬ እስክንደርስ አንድ ቃል አልወጣቸውም። መድኃኔ ዓለምን ስናልፍ እንኳ አላወቁም። ወርደው ስንቆም፣

«መንገዱን ዘፈን ሸፈነው» አሉኝ። «ምንም አላየሁ።»

እዚህ ላይ ነገሩ ሊገባኝ ይገባ ነበር። አልገባኝም። እኔ የተመለከትኩት የሙዚቃውን ከፍታ ነው፤ ሾፌሩንም ወቀስኩት።

ኅዳር ሚካኤል ሲቃረብ ጥጋቡ አንድ ማስታገሻ እናድርግላት አለ። ካንዴላዎቹን ቀየረ፣ ካርቡሬተሩን አጠበ፣ ነዳጇን መጠነላት። «አንድ ሁለት ወር ታስኬዳለች፤ ከዚያ በኋላ ግን እኔ የለሁበትም» አለ። ከዚያ እኛ ልንወጣ ስንል፣ «ቆይ፣ ምርቃት አለህ» አለና ተበሳስቶ ግማሹ መንገድ ላይ የቀረውን የጭስ ማውጫ ድምፅ ማፈኛዋን፣ ማርሚታዋን፣ አውልቆ፣ ከሌላ መኪና የተረፈ ደህና ማርሚታ አሰረላት። ነጋዴ ስኳር ሲሰፍር መጨረሻ ላይ ጣል እንደሚያደርጋት፣ ሳይጠየቅ፣ በደግነት። ይህን ሁሉ ጣጣ ያመጣው ያ ምርቃት ነው።

ኅዳር ሚካኤል ጠዋት እሜቴ ከጎንደር ስትወጣ እንደ ጨዋ ልጅ ነበረች። ያ ሰፈር የሚያስነሣው ጩኸቷ የለም። ጭሱ አለ፤ ግን በዝምታ ነው የምታጨሰው። እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። አባቴ ኮፍያቸውን አስተካከሉ፣ እጃቸውን ብረቱ ላይ አሳረፉ፣ ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ አዘነበሉ። ወለቃን አለፍን፤ ምንም አላሉም። ድልድዩን አለፍን፤ ምንም አላሉም። ጥቂት ቆይተው፣

«የት ነን?» አሉኝ።

ይህን ጥያቄ ከአባቴ አፍ ሰምቼ አላውቅም ነበር። እኔ መልስ ከመስጠቴ በፊት ግን ፊታቸው ፈካ። «ተው፣ ተው፣ አወቅሁት» አሉ። «እንዲያ ናት! አቃሰተች። መድኃኔ ዓለም ነው፤ አቁም!»

መድኃኔ ዓለም ገና አልደረስንም። የደረስነው መንገድ ዳር ያለ የናፍጣ ወፍጮ ቤት ነው። የወፍጮው ሞተር ግድግዳውን እያንቀጠቀጠ «ዱግ… ዱግ… እህህ… ዱግ» ይላል፤ በእውነቱ የእሜቴ የድሮ ማቃሰት ራሱ ነው። እኔ ግን ያኔ እሱን አላሰብኩም። አቁም ስባል የማቆም ልማድ አለብኝ፤ አቆምኩ። እሳቸው ወረዱ።

ኮፍያቸውን አወለቁ። ነጠላቸውን አደገደጉ። ወደ ወፍጮ ቤቱ ዞረው ሰገዱ።

በሩ ላይ እህል ሊያስፈጩ ስልቻ ስልቻቸውን ይዘው የተቀመጡ ሴቶች ነበሩ። ወሬያቸው ተቋረጠ።

«አያ» አለች አንዷ፣ «ምነው ለወፍጮ ይሰግዳሉ?»

«ዝም በይ» አለች ሌላዋ፣ «ሽማግሌው ያዩት ነገር ቢኖር ነው።»

አባቴ ሁለተኛውን ሰገዱ። ከሴቶቹ መካከል አሮጊቷ ተነሥተው አማተቡ። እሳቸው ሲያማትቡ ጎናቸው የነበረችው ተነሣች፤ እሷ ስትነሣ ሁሉም ተነሡ። ሦስተኛው ስግደት ላይ ሰልፉ በሙሉ አብሮ ሰገደ። ባለ ወፍጮው ዱቄት ለብሶ በሩ ላይ ብቅ አለ፤ ሕዝብ ወደ እሱ ሲሰግድ ሲያይ ቆቡን አወለቀና ዞሮ ከኋላው ማን እንዳለ ተመለከተ።

እኔ በዚህ ሁሉ ጊዜ መሪውን ይዤ ተቀምጫለሁ። ከሥራዬ ብዛት ግርግር ውስጥ ቁጭ ብዬ መመልከት እችላለሁ፤ ያን ቀን ግን አፌ አልታዘዝ አለኝ። እውነቱን ልናገር? በሰው ፊት? ይህን እያሰላሰልኩ ሳለ አባቴ እየዳበሱ ቀረቡና፣ የቅጥሩ ግንብ መስሏቸው፣ የወፍጮ ቤቱን ግድግዳ በግንባራቸው ተሳለሙ። ሲመለሱ ግንባራቸው ላይ እንደ እጅ መዳፍ የሚሰፋ ነጭ ዱቄት ነበር።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ ሲገቡ። «ዛሬስ ምእመኑ በዛ አለ።»

«የሚካኤል ቀን ስለሆነ ነው» አልኩ።

ነዳሁ። እውነተኛው መድኃኔ ዓለም ጋ ስንደርስ ፍጥነት ቀነስኩ። «ምነው ዘገየህ?» አሉኝ። በእሳቸው ስም እኔ ኮፍያዬን አውልቄ አለፍኩ።

ኮሶዬ ላይ እትዬ ብርቄ በሩ ላይ ተቀበሉን። እኔ ከአባቴ ጀርባ ሆኜ በእጄ፣ በዐይኔ፣ በቅንድቤ ምልክት ሰጠኋቸው። እትዬ ብርቄ ምልክት የሚገባቸው ሴት አይደሉም።

«አበልጄ፣ እንኳን አደረሰዎ! ውይ፣ ግንባርዎ ምን ሆኗል? ዛሬ ሊጥ ያቦኩት እርስዎ ነዎት እንዴ?»

አባቴ ግንባራቸውን ነኩ። ጣታቸውን አሸተቱ። 

«የገብስ ዱቄት ነው» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ከመድኃኔ ዓለም በታች ወፍጮ ቤት አለ አይደል?»

«አለ፣ አባባ።»

«ለሱ ነው የሰገድኩት?»

«ሦስት ጊዜ።»

ቤቱ ውስጥ ማኅበርተኞቹ ተቀምጠው ነበር፤ ወሬው ከእኛ ቀድሞ ገባ። ሳቁ ሲነሣ ጣሪያው የሚነሣ መሰለኝ። አንዱ «ወፍጮውስ ምን አለ?» አለ። ሌላው «አጸፋውን ሳይመልስ አይቀርም፤ ባለጌ ወፍጮ አይደለም» አለ። እትዬ ብርቄ «ምን ይደንቃል፣ የሚያበላን እሱ አይደል?» አሉ። የማኅበሩ አባት የሆኑት ቄስ ብቻ ነገሩን በቁም ነገር ይዘው፣ የሰጋጁ ልብ ወደ መድኃኔ ዓለም ከሆነ መካከል ላይ የቆመ ወፍጮ ስግደቱን ሊያስቀር አይችልም ብለው ፈረዱ። «መድኃኔ ዓለም ከወፍጮው ጀርባ አይደለም እንዴ ያለው? ትንሽ ራቅ ይላል እንጂ።»

አባቴ አልሳቁም። አላዘኑምም። ጠላቸውን በሁለት እጃቸው ያዙና፣

«በእሷ ነበር የማየው» አሉ።

ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ።

«ስታቃስት መድኃኔ ዓለም ነው። ስትስል ድልድዩ ነው። ትንፋሽዋ ሲረዝም ኮሶዬ ደርሰናል። እናንተ አሮጌ ሞተር ነው ትላላችሁ። ይውረድ፣ ይታደስ ትላላችሁ። ከታደሰ በኋላ ማን ይነግረኛል?»

እትዬ ብርቄ የሚጥሚጣውን ድምፅ ትተው ቀስ ብለው፣

«ብትሞትስ ማን ያመጣዎታል፣ አበልጄ?» አሉ።

  ያደሱት ሞተር መንገዱን ያጠፋባቸዋል፤ ያላደሱት ሞተር ደግሞ መንገዱንም እሳቸውንም ያስቀራል። ጥጋቡም፣ አስናቀችም፣ ያ ኮምፒውተር ያለውም ልጅ ይህን አልመረመሩም። ለካ እኔ ስንት ሰው ስጠይቅ ከርሜ ተሳፋሪውን አልጠየቅሁም።

ስንመለስ ቁልቁለቱን ወረድን። ወፍጮ ቤቱ ጋ ስንደርስ አባቴ እጃቸውን አነሡ።

«አቁም። ሞተሩን አጥፋ።»

አጠፋሁ። ሴቶቹ ሄደዋል፤ ወፍጮው ግን እየፈጨ ነው። ዱግ… ዱግ… እህህ… ዱግ። አባቴ በመስኮቱ ጆሯቸውን አውጥተው አዳመጡ። ረጅም ጊዜ አዳመጡ።

«ይህ ወፍጮው ነው?»

«እሱ ነው።»

«እንዲህ ነው እንዴ እሜቴ የምትለው?»

«እንዲሁ ነው፣ አባባ። ራሱ ነው።»

«ፋሻው አልቋል» አሉ ስለ ወፍጮው። «ባለቤቱ ሰው ይጥራለት።» እጃቸው ብረቱን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገ፣ የፈረስ አንገት እንደሚመታው። «እኔ የምትነግረኝ መስሎኝ። ለካ ታማ ኖሯል… በል ንዳ። ለጥጋቡ ንገረው፤ ይውረድ።»

ሞተሩ የወረደ ዕለት የእሜቴ አበልጆች ከኮሶዬና ከወለቃ መጥተው ጋራዡ በር ላይ አግዳሚ ወንበር ይዘው ተቀመጡ። እትዬ ብርቄ ድፎ ዳቦ ይዘው መጥተዋል። ጥጋቡ ለካቻቪቴ ወጣ ባለ ቁጥር ሁሉም ይነሡና «እንዴት ናት?» ይሉታል። በመጨረሻ «ከአንድ አስታማሚ በላይ አይፈቀድም!» ብሎ ጮኸ፤ ዳቦውን ግን ተቀበለ። እሜቴ የኋላ ወንበር ላይ የተወለደው ባለ ጺሙ ልጅ ብቻ ቀርቶ ሞተሩን በሰንሰለት ሲያወርዱ ከሥር ደግፎ ያዘ።

መለዋወጫው በአንድ ጊዜ አልተገኘም። የታኅሣሥ ሚካኤል አለፈ፤ የጥር ሚካኤል አለፈ። አባቴ በእነዚያ ቀናት ጠዋት ተነሥተው ይለብሳሉ፣ ኮፍያቸውን ያደርጋሉ፣ ወንበራቸው ላይ ይቀመጣሉ፤ ከሰዓት በኋላ ኮፍያቸውን ያወልቃሉ። አስናቀች አይታ አላስቻላትም፤ አባባን በሚኒባስ ውሰዳቸው ያለችው ሴት ጥጋቡ ጋ ደውላ እንደ ጋዜጠኛ ታፋጥጠው ጀመር። አሮጌዎቹ ፒስተኖች ሊጣሉ ሲሉ አባቴ አንዱን ለመኑ። አሁን የሳሎናችን በር በነፋስ እንዳይዘጋ ይዞ የሚቆመው እሱ ነው።

የየካቲት ሚካኤል ዕለት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ከጎንደር ወጣን። ጭስ የለም። ድምፅ የለም ማለት ይቻላል። ጀሪካኖቹን ከልማድ ይዘን ነበር፤ የጠጣነው እኛ ነን። አባቴ እጃቸውን ብረቱ ላይ አሳረፉ፤ ጣቶቻቸው የሆነ ነገር የሚፈልጉ ይመስል ቀስ እያሉ ወዲያና ወዲህ ይላሉ። ብረቱ ዝም ብሏል።

ወለቃን እንዳለፍን ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«አሁን ድልድዩ ነው» አልኩ።

«እህ» አሉ።

ጥቂት ሄድን። ዱግ… ዱግ… እህህ።

«ይሄንንስ አትንገረኝ» አሉ አባቴ። «ወፍጮው ነው። ዛሬም አላሳደሱትም።» ሳቁ።

«አሁን መድኃኔ ዓለም ነው» አልኩ። አቆምኩ። በሁለት ዐይኔ አረጋገጥኩ፦ ዛፉ፣ ጉልላቱ፣ ቅጥሩ። ወርደው ሦስት ጊዜ ሰገዱ። ግንባራቸው ንጹሕ ሆኖ ተመለሱ። እንደገና ተነሣን።

ከዚያ ያ ቦታ መጣ። በስተግራ የብሎኬት ቤት አለ፤ ደጃፉ ላይ የሞባይል ካርድ ማስታወቂያ ተሰቅሏል። አፌ ተከፈተ፤ የወጣው ግን ያሰብኩት አይደለም።

«በስተግራ የአያ ዘለቀ ጽድ» አልኩ።

አባቴ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«ጽዱማ ተቆርጧል» አሉኝ።

«ያውቃሉ?»

«ራስህ አይደለህም የነገርከኝ? ምነው፣ ጋዜጠኛ ሆነህ ትዋሻለህ እንዴ?»

  መታጠፊያውን ዞርን። ከዚያ እጃቸውን ብረቱ ላይ መልሰው አሳረፉና፣

«ከሥሩስ?» አሉ።

«ከሥሩ የእትዬ የሺ ጠላ ቤት።»

«በሩ ክፍት ነው?»

«ክፍት ነው።»

«ሸጋ» አሉ።

የኮሶዬን ዳገት በሦስተኛ ማርሽ ወጣን።